ሃምሳ ስድስት ጊዜ «አላየሁም»

ለጤና ጣቢያችን አዲስ ነርስ ስትመደብ ሲስተር ኛሬአት መጀመሪያ የምታሳየው የመድኃኒት መደርደሪያውን አይደለም፤ መዝገቡንም አይደለም። ከጠረጴዛዋ መሳቢያ አንድ ወረቀት ታወጣና «መጀመሪያ ይኼን አንብቢ» ትላለች። ወረቀቱ ለራሷ ለኛሬአት የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ «ለመጨረሻ ጊዜ» የሚል ቃልም አለው። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለውን ደብዳቤ አጣጥፎ ሻንጣ ሥር ይደብቀዋል። እሷ ግን ጋምቤላ ከተማ ወስዳ እንደ ዲፕሎማዋ ላሚኔት አስደርጋዋለች።

እኔ ዘኪያ እባላለሁ። የዚህ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ኛሬአትን ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ፤ ይህንንም በየሄድኩበት እናገራለሁ። ደብዳቤው ለምን እንደተጻፈ እሷ ስታወራው በሁለት ዓረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች፤ የራሷን ጥፋት ትናገርና የሠራችውን ነገር ትተወዋለች። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ሲያወሩ ማሳጠር እንደሆነ እኔ አልችልበትም።

ወላጆቼ በሰባ ሰባት ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ፣ በሰፈራው መንደር ነው። ሙቀቱም፣ የባሮ ሙላትም፣ ትንኙም የራሴ ነው። አማርኛዬ የወላጆቼ ቢሆንም የኑዌርም የአኙዋም ሰላምታ አያቅተኝም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ስለማውቅ ሰዉንም የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ኛሬአት ከአራት ዓመት በፊት ስትመደብልን ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ረጅም ናት፤ በራችን ስትገባ ዝቅ ትላለች። ድምጿ ግን አይሰማም። መጀመሪያ ቀን ስሟን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት። ያደገችው ጋምቤላ ከተማ ከኑዌር ቤተሰብ ሲሆን አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው። «እርስዎ» የሚለው ቃል አፏ ላይ አይቀመጥም፤ ለሁሉም «አንቺ» ናት። እኔ አልቆጣም፤ «አንቺ ሲስተር» ስትለኝ ከብዙ ሰው «እርስዎ» የበለጠ አክብሮት አለው። ጋዋኗ ግን ሁልጊዜ በረዶ የመሰለ ነበር። በዚያ አቧራ ላይ እንዴት እንደምትይዘው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሥራዋ ቀላል ይመስላል። የቲቢ ታማሚ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየቀኑ ጠዋት ይመጣል፣ ኪኒኑን ነርሷ ፊት ይውጣል፣ ነርሷ ካርዱ ላይ ምልክት ታደርጋለች። «ይህ ምልክት» አልኳት የመጀመሪያው ቀን፣ «መጣ ማለት አይደለም። ሲውጥ በዓይኔ አይቻለሁ ማለት ነው። ፍርድ ቤት ቀርበሽ እንደ መመስከር ነው።» ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሌላም ነገር አስተማርኳት፤ መድኃኒቱ ከገባ ሽንት ይቀላል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ጠይቂ አልኳት። ይህንንም ጻፈችው። ደብተሯ ላይ የማትጽፈው ነገር አልነበረም።

በሁለተኛው ወሯ ዱዎፕ መጣ። ከጅካዎ በኩል ከብት ሲጠብቅ የኖረ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። ግንባሩ ላይ የተቀረጹ ስድስት መስመሮች አሉ፤ እንደ ኑዌር ወግ ሙሉ ወንድ ሆኗል ማለት ነው። ያን ቁመት ይዞ ሚዛን ላይ ሲቆም አርባ ስድስት ኪሎ ሆነ። አክታው ሲመረመር ቲቢ ተገኘበት። አጎቱ ቤት አርፎ መድኃኒቱን እንዲጀምር አደረግንና ለኛሬአት ሰጠኋት። የመጀመሪያዋ የራሷ ታማሚ ነበር።

አንድም ቀን አልቀረም። እሷም አልቀረችም። እሑድ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት መጥታ በሩን ትከፍትለታለች። ሳምንቱ ሲያልቅ ካርዱን ታመጣልኛለች፤ ሰባት ምልክት፣ ሥርዓቱን የጠበቀ። እኔም እንደ ኃላፊ ከሥር እፈርማለሁ። «እንዲህ ያለች ልጅ አግኝቻለሁ» እያልኩ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ለአቶ ኦሞት ጉራዬን ነፋሁ። ሽንቱ ቀልቷል ወይ ብዬ ስጠይቃት «እሺ ሲስተር» ትለኛለች። «እሺ» ለጥያቄ መልስ እንዳልሆነ ያኔ ልብ አላልኩም።

ሁለተኛው ወር አለቀ፤ ሃምሳ ስድስት ቀን። አክታውን እንደገና መረመርን። ጀርሙ እንዳለ ነበር፤ ምንም አልቀነሰም። ዱዎፕም በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ተሽሎት የነበረው ሰውዬ እንደገና ከስቶ ደም ይተፋ ጀመር።

በየቀኑ መድኃኒት የዋጠ ሰው አክታው ካልጠራ የሚጠረጠረው አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ። ይህ ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚታይ አይደለም። ታማሚው ከአገሩ ርቆ ሆስፒታል ይተኛል፣ ጆሮና ሆድ የሚጎዳ ከባድ መድኃኒት ለብዙ ወራት ይወስዳል። እኔ የምልክት ካርዱን አምኜ የሪፈር ወረቀቱን መጻፍ ጀመርኩ። መኪናው በማግስቱ ጠዋት ሊወስደው ነው። ወሬው አጎቱ ቤት ደርሶ ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረዋል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አብረውት ይቀመጡ የነበሩት ታማሚዎች ራቅ ብለው ቆሙ። ዱዎፕ ብቻውን ቀረ፤ ቀና ብሎም አላየኝም።

እየጻፍኩ ሳለ ኛሬአት መጥታ የዱዎፕን ካርድ ወረቀቴ ላይ አስቀመጠችው።

«ሲስተር፣ ይኼን አትጻፊ።»

«ለምን?»

«መድኃኒቱ አልተሸነፈም ይሆናል። ሆዱ አልገባም ይሆናል።»

«ምን ማለት ነው አልገባም? ሃምሳ ስድስት ቀን አስውጠሽ ፈርመሻል።»

«ፈርሜአለሁ» አለች። «አላየሁም።»

እስክርቢቶዬን አስቀመጥኩ። እሷም ቆማ ነገረችኝ። «እኛ ጋ ወንድ ልጅ ግንባሩ ከተቀረጸ በኋላ ዘመዱ ያልሆነች ሴት ፊት አይበላም። ለመዋጥም አፉን አይከፍትም። ሴቷም አታየውም፤ ካየችው ማዋረድ ነው። እናቴ እንደዚህ ነው ያሳደገችኝ። እሱ ኪኒኑን ሲያነሣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮት አዞራለሁ። ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ድምፁን እሰማለሁ። ከዚያ ዞሬ እፈርማለሁ። ዋጠ ብዬ ነው የማስበው። ሽንቱንም ጠይቄው አላውቅም። እንዴት ብዬ እጠይቀዋለሁ?»

ደሜ ፈላ። እኔ ስቆጣ ድምፄ እስከ ካርድ ክፍል እንደሚሰማ ይታወቃል። ኮሌጅ የተማርሽው መስኮት ለማየት ነው ወይ አልኳት። የሙከራ ጊዜሽን አልጨረስሽም፣ በዚህ እንደምትባረሪ ታውቂያለሽ አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ግን እሱ የሌለበት በሽታ ተጽፎበት አይሄድም።»

አላለቀሰችም። እኔ እንድታለቅስ ፈልጌ ነበር፤ ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። ካርዱ ላይ እጇን አድርጋ ቆመች። ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ሳያውቅባት፣ እንጀራዋን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ብትተወው ኖሮ እኮ ጥፋቱ ሁሉ የበሽታው ይሆን ነበር። ይህን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው።

ወጥታ ዱዎፕን በኑዌርኛ ጠየቀችው። እሷ በሩ ላይ ሆና ወደ ውስጥ እያየች፣ እሱ ውጭ ኒም ዛፉ ሥር ሆኖ መሬት መሬት እያየ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አጎቱ ቤት ሄደና አንድ ጥቁር ፌስታል ይዞ ተመለሰ። ኪኒኖቹ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ቆጠርናቸው፤ መቶ አርባ አንድ። በቀን ሦስት ነበር የሚሰጠው፤ ስለዚህ የዋጠው የዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እሷ ፊቷን ብታዞርም ክፍሉ ውስጥ ስላለች መዋጥ አልሆነለትም። ውኃውን በሩ ላይ ደፍቶ፣ ጣሳውን አስቀምጦ፣ ኪኒኑን በእጁ ጨብጦ ይወጣል። ወደ ቧንቧው ይሄዳል፤ ቧንቧው ጄሪካን በያዙ ልጃገረዶች ተሞልቷል። ወደ ባሮ ይወርዳል፤ እዚያም ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ናቸው። ውኃ ያለበት ቦታ ሁሉ ሴት አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሩቅ ሄዶ ዋጠ። ትንሽ ሲሻለው ግን ለዛሬ ይቅር እያለ ያስቀምጥ ጀመር። ሲብስበት ደግሞ ለመናገር አፈረ። መንግሥት የሰጠውን መድኃኒት መጣል ነውር ነው ብሎ አንዷንም አልጣለም።

ያን ቀን ከሰዓት የድሮ መዝገቦቹን አወረድኩ። በእኔ የመጀመሪያ ዓመት አንድ ልክ እንደ ዱዎፕ ግንባሩ የተቀረጸ ወጣት ነበረኝ። ፊቱ ቆሜ «ዋጥ! አፍህን ክፈት! ምላስህን አንሣ!» ስለው ኪኒኑን ጠረጴዛው ላይ መልሶ ወጥቶ ሄደ። አልተመለሰም። ስሙ አጠገብ «አቋረጠ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ በልቤ ደግሞ «ግትር» ብየዋለሁ። ገጹን ስገልጥ እሱ ብቻ አልነበረም። «አቋረጠ»፣ «አቋረጠ»፤ ሁሉም ወጣት ወንዶች፣ ሁሉም የእኔ እጅ ጽሑፍ። እሷ ባለማየት አጠፋች፤ እኔ ፊታቸው ላይ በማፍጠጥ አጥፍቻለሁ። የእሷ በሁለት ወር ታወቀ። የእኔን እስኪነገረኝ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። በጣም አፈርኩ፤ አዘንኩም።

በማግስቱ ጠዋት ኛሬአት ቀይ እስክርቢቶ ይዛ ተቀመጠች። ካርዱ ላይ ያሉትን ሃምሳ ስድስት ምልክቶች አንድ በአንድ ሰረዘችና በእያንዳንዱ አጠገብ በጥቃቅን ፊደል «አላየሁም» ብላ ጽፋ ስሟን ፈረመች። እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀባት። አንድ ላይ ሰርዢው ብላት «አንድ ላይ አልፈረምኩም» አለችኝ። እኔም እስክርቢቶውን ተቀብያት ከሥር ያሉትን ስምንት ፊርማዎቼን ሰረዝኩ።

አቶ ኦሞት ካርዱን ሲያይ ራሱን ያዘ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሱፐርቪዥን ግን እንደ ጅብ ይፈራል። የመንግሥት ሰነድ ተበላሸ፣ ዞን ሲመጣ ምን ልበል አለ። ልትባረር ይገባታል ብሎ ጀመረ። እኔም «እሷ ከተባረረች የእኔን አብረህ ጻፍ፤ ፊርማዬ እዚያው አለ» አልኩት። ሲያስብ ሲያስብ ቆይቶ ያን ደብዳቤ ጻፈላት። ለእኔ አልጻፈልኝም፤ ለእኔ መጻፍ ይፈራል። ኛሬአት ደብዳቤውን በሁለት እጇ ተቀብላ «አመሰግናለሁ» አለችው። ግራ ገብቶት እኔን አየኝ።

የዱዎፕ አክታ ከተማ ተልኮ በማሽን ተመረመረ። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ጀርሙ መድኃኒቱን አልተላመደም። የሪፈር ወረቀቱን ቀደድኩት። ሕክምናው ግን ከመጀመሪያው ቀን፣ ከዜሮ መጀመር ነበረበት። አሁንም ያው ጥያቄ መጣ፤ ማን ፊት ይውጣል? በክፍሉ ወንድ ነርስ የለንም። ለጥበቃው እንስጠው አልኩ። ኛሬአት «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እኔ አስውጠዋለሁ። እስከ ሰኞ ስጪኝ» አለችና ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍራ ጋምቤላ ወረደች።

ሰኞ አንድ ሽማግሌ ይዛ መጣች። የእናቷ አጎት አባባ ቱት ናቸው። ለእሳቸው ከጥላው ሥር የፕላስቲክ ወንበር አወጣንላቸው። ዱዎፕን ፊታቸው መሬት ላይ አስቀምጠው አባቱን ጠየቁት፣ የአባቱን አባት ጠየቁት፣ ከዚያ በእናቱ በኩል ዞሩ። እሱ ስም ይጠራል፣ እሳቸው ስም ይመልሳሉ። እኔ የሚገባኝ ስሞቹ ብቻ ናቸው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። ኛሬአት እጇን አጣምራ ቆማለች፤ እንዲህ ጨንቋት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በመጨረሻ አንድ የሴት ስም ላይ ሁለቱም ቆሙ። አባባ ቱት ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲስተር፣ ይኼ ልጅ የእሷ ወንድም ነው» አሉኝ። «አያት አንድ ቤት ነው። አሁን እሷ ፊት ይብላ።»

በእውነት ተዛምደው ይሁን ወይስ ሽማግሌው ለልጃቸው አዝነው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ብጠይቃቸው ይስቃሉ። ዱዎፕ ግን ራሱን እየነቀነቀ ሳቀና በኑዌርኛ አንድ ነገር አለ፤ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ምን አለ ብዬ ኛሬአትን ጠየቅኋት። ጣሪያ ጣሪያ እያየች «አጎቴን ልኬ ላስጠይቃት አስቤ ነበር ይላል። አሁን እህቱን አያገባም» አለችኝ። ለዚህም ነበር ለካ እሷ ፊት አፉን መክፈት እንዲያ የከበደው። ስቄ ሞትኩ፤ እሷ አልሳቀችም።

በዚያው ሰዓት ክፍሉ ገቡ። ኪኒኖቹን ሰጠችው። መስኮቱን አላየችም። እሱ ሦስቱን አንድ በአንድ ዋጠ፣ ውኃውን ጠጣ፣ ጣሳውን አስቀመጠ። እሷም እስክርቢቶዋን አንሥታ በአዲሱ ካርድ ላይ የመጀመሪያውን ምልክት አደረገች። በሦስተኛው ቀን እየሮጠች መጣችብኝ። «ሲስተር፣ ‹ሽንቴ ቀላ› አለኝ! ሳልጠይቀው ነገረኝ!» ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ይህንን ያለችው ግቢው ሙሉ ሰው ቆሞ እየሰማ ነው። የማንም ሽንት እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የሥራችን መልክ ተለወጠ። አሁን አዲስ ታማሚ ሲመጣ ኛሬአት ከሚዛኑ በፊት አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ «ማን ፊት ትበላለህ?» የሚሰጠውን ስም ካርዱ ጫፍ ላይ ትጽፋለች። እህት ይሆናል፣ የአክስት ልጅ ይሆናል፣ ያ ሰው በየቀኑ አብሮ ይመጣል። ዘመድ የሌለው ከሆነ አባባ ቱት ይጠራሉ፤ እሳቸው ደግሞ እስካሁን ዘመድ አጥተው አያውቁም። ከዚያ ወዲህ የእኛን ክፍል መድኃኒት ያቋረጠ አንድም ወጣት የለም። ከሌላ ጤና ጣቢያ መጥተው ሲጠይቁን የምትመልሰው እሷ ናት፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰዎቹ የሚጽፉትን አያለሁ። ደስታዬን መደበቅ አልችልም፤ ለምንስ እደብቀዋለሁ።

የዱዎፕ ስድስተኛ ወር አለቀ። ከሁለተኛው ወር በኋላ በየቀኑ መምጣት ግድ አልነበረበትም፤ እሱ ግን በየቀኑ መጣ። የመጨረሻው ምርመራ አክታው ንጹሕ መሆኑን አሳየ፤ ክብደቱ ስልሳ አንድ ኪሎ ደርሷል። በመጨረሻው ቀን በእጁ የተከደነ ሳህን ይዞ መጣ። የአጎቱ ሚስት ኮፕ ሠርታለት ነበር፤ በእንፋሎት የበሰለ የበቆሎ ዱቄት ወተት ፈስሶበት። ኒም ዛፉ ሥር፣ በጠራራ ቀን፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ተቀመጠና ኛሬአትን ጠራት። ማንኪያውን አንሥቶ እሷ ፊት በላ። ለእሷም ማንኪያ ሰጣትና እሷም እሱ ፊት በላች። ወደ ካርድ ክፍል የሚሄዱት ሰዎች ያዩት ምሳ የሚበሉ ሁለት ሰዎችን ብቻ ነው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የማየት መብት አለኝ የለኝም እያልኩ ሳመነታ ዱዎፕ ሳህኑን ወደ እኔ አዞረው። በሰባራ አማርኛ «ሲስተር፣ ነይ። ብዪ» አለኝ።

«እኔ ዘመድህ አይደለሁም» አልኩት።

ኛሬአት ማንኪያዋን ጠርጋ ሰጠችኝ። «አባባ ቱት አንቺንም ቆጥሮሻል» አለችኝ። «በእናት በኩል ነሽ።»

ተቀምጬ በላሁ። ሳህኑ ሲያልቅ ዱዎፕ የመጨረሻዎቹን ኪኒኖች መዳፉ ላይ አድርጎ በቀረችው ወተት ዋጣቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ሳልጠይቀው አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ምላሱንም አንሥቶ አሳየኝ። ኛሬአትም ካርዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የመጨረሻውን ምልክት አደረገች።